አባቴን ይዤ ወንዝ መሃል የቆምኩ ዕለት

ልጄ ሰሚራ ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማ፣ ያ ትልቁ ብርድ ልብስ የት ነው?» አለችኝ። ምን ሊያደርግልሽ ብላት፣ ቅዳሜን ከክበባቸው ጋር ከመንጌ ወዲያ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው። ክበብ የምትለው በመኪና ያበዱ የአሶሳ ልጆች ስብስብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፌ ተሰልፈው ጥሩምባ ሲነፉ ወጥቼ አየኋቸው። ጎማው ደረቴ የሚደርስ መኪና፣ ጣራው ላይ መሰላልና አካፋ፣ ግንባሩ ላይ ሠርግ ቤት የሚያደምቅ መብራት። አንደኛው ጭራሽ ፍሪጅ ጭኗል። ለአንድ አዳር ፍሪጅ! «ልጆች፣ የት ልትዘምቱ ነው?» ብላቸው ሳቁብኝ።

«እትዬ ዘይነባ፣ አብረውን ይምጡ እንጂ፤ ቦታ አለን» አለኝ ፍሪጅ የጫነው።

«እኔ ወገቤን ለመንገድ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው» አልኩት። አቧራቸውን አልብሰውኝ ሄዱ። እኔም በሩን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ምድጃ ላይ የጣድኩት ሻይ ተንተክትኮ እስኪያልቅ ድረስ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እነዚህ ልጆች ክበብን እነሱ የፈጠሩት ይመስላቸዋል። እኛም እኮ ክበብ ነበረን! ሦስት መኪኖች ነበሩን፤ ሦስቱም ባንድ ጠዋት ሳይገፉ ተነስተውልን ግን አያውቁም። አባላቱ የከተማው ሾፌሮችና መካኒኮች፣ አንድ ሁለት መምህራንም ነበሩ። በጋ ገብቶ ያ ሰው የሚውጠው ሣር ሲቃጠል፣ አገሩ ተገልጦ ከዳር ዳር ሲታይ፣ አንዱን ቅዳሜ ይመርጡና መንገድ ወደሌለበት ይሄዳሉ። ወንዝ ዳር አድረው እሑድ አቧራና ጥላሸት ለብሰው ይመለሳሉ። የአሶሳ ሰው «መንገድ እያለላቸው!» እያለ ይገረም ነበር። እኔም ሳልገባበት በፊት እንደዚያው ነበር የምለው።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ ክፍል እሠራ ነበር። እዚያው ጋራዥ ሙሳ የሚባል መካኒክ አለ፤ ብሔረሰቡ በርታ ነው፣ የመንጌ ልጅ፣ ከዘይት በቀር ሌላ ሽቶ የማያውቅ። በምሳ ሰዓት በጋራዡ አሮጌ ፒካፕ መንዳት ያስተምረኝ ጀመር። ሌላው ሰው ፍቅር ሲያወራ ስለ አበባና ስለ ጨረቃ ያወራል፤ እኔ ሙሳን የወደድኩት ፍሪሲዮን ሲያስተምረኝ ነው። «ቀስ፣ ቀስ፤ እግርሽ ሥር እንቁላል አለ በይ» ይለኝ ነበር። ስንቱን እንቁላል ፈጀሁበት! አንድ ቀን ግን ተቆጥቶኝ አያውቅም። መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁ ዕለት ከኔ ይልቅ የዘለለው እሱ ነው።

የክበቡ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ ይባላል። አምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በአንድ የእርዳታ ድርጅት የመኪና ስምሪት ኃላፊ ነበርና፣ አዋላጆችን ወደ ገጠር የሚያመላልስ ሾፌር ይፈልጋል። ሾፌሩ ሴት ብትሆን ደስ እንደሚላቸው አዋላጆቹ ራሳቸው ነግረውታል። ሙሳ ስለኔ ሲያወራለት አስጠርቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ከተማ ውስጥ መንዳት መንዳት አይደለም» አለኝ። «ከክበቡ ጋር ውጪና ሁለቱን ቀን ልይሽ። ከሆነልሽ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የፈለግኩት ነገር የለም። ተኝቼ እንኳ እግሬ ፍሪሲዮን ይፈልግ ነበር።

ዳሩ ግን አባቴ አለ። አባቴ ይመር ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ስለመጣሁ ወሎን አላውቀውም፤ አገሬ አሶሳ ነው። አባቴ ማሽላና ለውዝ ይዘራል፣ ቀልድ ያውቃል፣ ጎረቤት ያስታርቃል። መኪና ግን አይወድም። አይወድም ስል፣ ከወሎ ካመጣው አውቶቡስ ከወረደ ወዲህ ሌላ መኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም። ገበያ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲደክመው በአህያ። መኪና ያጥወለውለዋል እየተባባልን ነው ያደግነው። የዚህ ሰው ልጅ ናት እንግዲህ ሾፌር እሆናለሁ ብላ የተነሳችው። ያን ጊዜ ሴት ሾፌር ማለት የመንደር ወሬ ማለት ነው። አዳሩ ደግሞ ሌላ ጉድ፤ ያላገባች ልጅ ከወንዶች ጋር ዱር ልታድር!

«የምትሄጂው ለመኪናው ነው ወይስ ለሙሳ ነው?» አለኝ ነገሩን ስነግረው።

«ለሥራው ነው አባዬ።»

«ሙሳም ሥራ ነው» አለና ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «እኔ በዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም። አብሬሽ እሄዳለሁ። ካማረኝ እመርቅሻለሁ። ካላማረኝ ግን ከዚያ ወዲያ መሪ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። ተስማማን?»

ተስማማን። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ መቁጠሪያውን በእጁ ይዞ፣ የተቆላ ለውዝ በከረጢት ቋጥሮ ጋራዡ በር ላይ ተገኘ። የክበቡ ሰዎች ሽማግሌ ይዘው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ እየተነሱ ሰላም አሉት። የፒካፑን በር ከፍቼ ስጠብቀው ግን አልወጣም። ቆመ። ገበያ ላይ በሬ እንደሚገዛ ሰው መኪናዋን ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረጋት።

«አባዬ፣ አብሽር» አልኩት።

«አብሽር ማለት እንኳ የኔ ፈንታ ነበር» አለና ቢስሚላህ ብሎ ወጣ። ከተማውን እስክንለቅ የበሩን መያዣ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። እኔም ብናገረው የባሰ ይፈራል ብዬ ዝም አልኩ።

ወሩ ጥር ነው። የጥር ጠዋት በኛ አገር ውብ ነው፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል። በየመንደሩ ማንጎው አበባ ላይ ስለነበር ጠረኑ በመስኮት ይገባል። ከመንደር ስንወጣ ደግሞ የተቃጠለ ሣር ሽታ ይቀበለናል፤ ከጥቁሩ አመድ ውስጥ ለጋ ሣር ብቅ ብቅ ብሏል፣ ጅግራዎች እየተንጫጩ መንገድ ያቋርጣሉ። መንጌ ሳንደርስ ዋናውን መንገድ ለቀን የቀርከሃውን ጫካ ይዘን ገባን። ድንጋያማ ዳገት ገጠመኝና ከባዱን ማርሽ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወጣሁት። አናቱ ላይ ስንደርስ አባቴ የበሩን መያዣ ለቀቀ። ከረጢቱን ፈታና ለውዙን ይፈለፍል ጀመር። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለኔ። እጄ መሪ ላይ ስለሆነ በአፌ ነበር የሚያጎርሰኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ መኪና እኮ ትሰማሻለች» አለኝ።

ወላሂ ያን ጊዜ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ከኋላዬ በላንድ ክሩዘሩ የሚከተለኝ ጋሽ ደምሴም እረፍት ስናደርግ አጠገቤ መጥቶ «ጥሩ ነው» ብሎኝ ሄደ። ከጋሽ ደምሴ አፍ «ጥሩ ነው» መስማት ከሌላ ሰው መሸለም ማለት ነው። ሙሳ በሦስተኛው መኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጥርሱን ያሳየኛል። አለቀ አልኩ፤ ሥራውን በእጄ አስገባሁት አልኩ። ሰው ሳይሻገር ይደሰታል!

ከመንጌ አልፈን ከሰዓት በኋላ ላይ ወንዙ ጋ ደረስን። ሰፊ ነው፣ ግን በበጋው ጎድሏል፤ ከታች አሸዋ ነው። ከወዲያ ማዶ መውጫው አጠገብ ጥቅጥቅ ያለ ቀርከሃ ወደ ውሃው ስላዘነበለ የዳሩን ግማሽ ይጋርደዋል። ጋሽ ደምሴ ወርዶ ሱሪውን ሰብስቦ ጥልቀቱን በዱላ ለካና ተመለሰ።

«መንገድ መሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ከባዱን ማርሽ አስገቢ፣ ነዳጁን እኩል ስጪ፣ ማርሽ እንዳትለውጪ። ውሃ ውስጥ ከገባሽ በኋላ ሰማይ ቢወድቅ አትቁሚ። ከቆምሽ አሸዋው ይበላሻል። ሾፌር ከተነሳ አይቆምም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ የዘወትር አባባሉ ነበረች። ክበቡ ውስጥ ሰው ሁሉ ይቀልድባታል።

ገባሁ። ውሃው ጎማውን፣ ከዚያ የበሩን ታች ነካ። መኪናዋ ከፊቷ ትልቅ ማዕበል እየገፋች ትሄዳለች። አባቴ ዱዓውን ያነበንባል። እኩሌታውን እንዳለፍኩ የቀርከሃው ግርዶሽ ተገለጠና ሴቶቹን አየኋቸው። የበርታ ሴቶች ናቸው፤ በውሃው ዳር ተደርድረው ቁጢጥ ብለው በገበቴ ወርቅ ያጥባሉ። ከዳርቻው የቆፈሩትን አሸዋና ጠጠር እንዳመቻቸው ከውሃው ጫፍ ላይ ቆልለውታል፤ ልክ እኔ በምወጣበት ቦታ። ቁልሉ የአንድ ቀን ቁፋሮ እንዳልሆነ ያስታውቃል። አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው መዳፋቸውን ወደኔ ዘረጉ። በዚያ ቅጽበት የመኪናዋ ማዕበል ቀድሞኝ ደረሰና የቁልሉን እግር ላሰው፤ ጠጠሩ ሲናድ በዓይኔ አየሁ። ትንሽ ብገፋ ሁሉንም ጠርጎ ይወስደዋል። እግሬ ከኔ ጋር ሳይመካከር ፍሬኑን ረገጠ።

«አትቁሚ!» የሚለው የጋሽ ደምሴ ጩኸት ከኋላ ተሰማኝ። «ገፍተሽ ውጪ! ኧረ አትቁሚ!»

ቆምኩ። ሞተሩ ተነፈሰና ጠፋ። የፊቱ ጎማ ሰመጠ፤ ውሃው በበሩ ሥር እየሾለከ ወለሉን ሞላው።

«ያ ረቢ!» አባቴ እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰበሰበ። «ምነው ቆምሽ?»

«አባዬ፣ የሴቶቹን አሸዋ ሊወስደው ነው። የለፉበት ነው።»

በመስታወቱ አሻግሮ አያቸው። አለቀልኝ፣ አሁን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋቢውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አጣጠፈ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ውሃው ውስጥ ወረደ። ማታ ማታ ጉልበቴን እያለ የሚያቃስተው አባቴ! እኔም ተከትዬው ዘለልኩ።

መጀመሪያ ያደረግነው አሸዋውን ማውጣት ነው። ሴቶቹ በገበቴ፣ እኛ በባልዲና በእጃችን፣ ቁልሉን ከውሃው አርቀን ወደ ላይ አሸሸነው። ሙሳ ከኋላችን ካለው ዳር ውሃውን እየረገጠ መጣና ከአሮጊቷ ጋር በቋንቋቸው ተነጋገረ፤ ለካ ከልጅነቱ ያውቃቸዋል፣ ሃሊማ ነው ስማቸው። ከዚያ ቀርከሃ ቆረጥን፣ ከየጎማው ሥር አሸዋውን በእጃችን እየዛቅን ጎዘጎዝን። ቀጥሎ መግፋት መጣ። አባቴ በወሎ ዜማ «ሆ በል!» ሲል ሴቶቹ በበርትኛ ይመልሱለታል፤ ማን ምን እንዳለ የገባው የለም፣ ጉልበቱ ግን ተባበረ። መኪናዋ እየተንገዳገደች ከዳር ስትወጣ እልል አሉ። ሌሎቹ ሁለት መኪኖች ያለ ችግር ተከትለው ተሻገሩ።

እማማ ሃሊማ እርጥብ እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው፣ «ያ ቢንቲ፣ አንቺ ጥሩ ነው» አሉኝ፤ ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። «መኪና ሁሉ ያልፋል፣ አሸዋ የኛ ይሄዳል። አንቺ ቆመ።»

ደስታዬ ግን አልቆየም። ጋሽ ደምሴ ወደ ጎን ወሰደኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቢሆንስ? ላይ አገር ዘንቦ ውሃው ሞልቶ ቢመጣስ? ከኋላሽ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታ ቢሆንስ? ልብሽ ጥሩ ነው ዘይነባ፤ ግን መኪና በልብ አይነዳም። ከተነሳሽ አትቆሚም ብዬሻለሁ። አዝናለሁ ልጄ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያስለቀሰኝም እሱ ነው። ፒካፗን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሙሳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እጁ ላይ የነበረውን ጨርቅ ሰጠኝ። «ያን ሁሉ እንቁላል ፈጅተሽ ሳታለቅሺ፣ ዛሬ ለዚህ ታለቅሺያለሽ?» አለኝ። ጨርቁ ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ዓይኔን ስጠርግበት ፊቴ ጠቆረ። እሱ እያየኝ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። አባቴ ከሩቅ አይቶናል፤ እንዳላየ ሆኖ የዐስር ሶላቱን ሊሰግድ፣ ለውዱእ እጅ እግሩን ወደሚታጠብበት ሄደ።

ድንኳኖቹ ተተከሉ። ክበቡ እንደ ልማዱ ፓስታ ጥዶ እንደ ልማዱ አንቦጫረቀው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እነማማ ሃሊማ ተመልሰው መጡ፤ የማሽላ ገንፎ በትልቅ ገበታ፣ መሃሉ ላይ የባሚያው ወጥ ትኩስ ትኩስ እንዳለ ተሸክመው። ፓስታውን ዞሮ ያየው የለም። ሁላችንም ገበታውን ከበብን። አባቴ ሰግዶ መጣና ከጋሽ ደምሴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጁን ታጠበ፣ ገንፎ ቆረሰ፤ ግን አልጎረሰውም።

«አቶ ደምሴ» አለ። «አንቱ ሾፌር ከተነሳ አይቆምም ይላሉ።»

«አዎ አባባ ይመር። መንገድ ያስተማረኝ ነው።»

«እኔ ወደዚህ አገር ስንመጣ እናቴን ይዤ ነበር። ሕመምተኛ ናት። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ጆንያ አጭቀውናል፤ በላይ በላያችን ነን። ቆላው ላይ ስንደርስ ሙቀቱ በረታባት። ‹ልጄ፣ ጥላ ሥር ትንሽ አሳርፈኝ› አለችኝ። መንገዱ ዳር ዛፍ ሞልቷል። በሰው ላይ እየተረማመድኩ ሾፌሩ ጋ ደረስኩ። ሃይማኖቱን ስላላወቅኩ በአላህ አልኩት፣ በማርያምም አልኩት። ዞሮ እንኳ አላየኝም። ‹ከተነሳን አንቆምም› አለኝ።» አባቴ እጁ ላይ ያለውን ገንፎ አየው። «እቅፌ ውስጥ አረፈች። ጥላ እንዳማራት።»

አያቴ መንገድ ላይ መሞቷን አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሞተች ግን አልጠየቅኩም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ መኪና ያጥወለውለዋል እያልን ስንስቅበት!

«ዛሬ ልጄ ለአሸዋ ቆመች» አለ አባቴ። «ለአሸዋ የቆመች ለሰው አትቆምም? ከእንግዲህ እኔ ፈቅጃለሁ፤ ሾፌር ትሁን፣ መርቄያታለሁ። የአንቱን እንጃ።»

ሙሳ ለእማማ ሃሊማ በሹክሹክታ ያስረዳቸው ነበር፤ እሱም መሃል ላይ ተወው። ጋሽ ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ የማውቀው ፊት አልነበረም።

«ያን ዘመን እኔም መኪና ላይ ነበርኩ» አለ። «ከወሎ ሰው ጭኜ ቆላ አራግፌያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። እርስዎን የጫንኩት እኔ አይመስለኝም፤ መንገዱም ሌላ ነው። ግን እኔም ከኋላ ሲጣሩ ሰምቻለሁ አባባ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ፈርቼ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ፍሬን ይዤ ብሞክር ኖሮ… አልሞከርኩም። አልቆምኩም።»

ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ። ያን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሆኖ ማየት ያስፈራ ነበር። እኔ አባቴን አየሁት። ይነሳል ብዬ ፈራሁ፤ ገበታውን ጥሎ፣ ጋቢውን አንስቶ፣ እግሩ ወደመራው ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ቢሄድም ማን ይፈርድበታል? አባቴ ግን አልተነሳም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ገበታውን ያዘና ባሚያው የበዛበትን ወገን ወደ ጋሽ ደምሴ አዞረለት።

«ብላ ደምሴ» አለው። «ገንፎ ሲቀዘቅዝ አይሆንም።»

ጋሽ ደምሴ በላ። እንባው እየወረደ በላ። እማማ ሃሊማ የተባለው ይግባቸው አይግባቸው አላውቅም፤ ብቻ ተነስተው በቅል ውሃ ቀድተው ሰጡት፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። እኛም ቀስ በቀስ እጃችንን ወደ ገበታው መለስን።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ስንነቅል ጋሽ ደምሴ የላንድ ክሩዘሩን ቁልፍ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ያቺን መኪና ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። አባቴን ከፊት አስቀመጠው፣ እሱ ከኋላ ገባ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ገና አልወጡም፣ ዳሩ ባዶ ነው።

«አይተሽ ግቢ» አለኝ ከኋላዬ። «ወርደሽ ማዶውን አይተሽ፣ ሰው ካለ ጠብቀሽ፣ ከዚያ ግቢ። እኔ ትናንት ጥልቀቱን ለካሁ እንጂ ማዶ ማን እንዳለ አላየሁልሽም።»

ወርጄ አየሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ተሻገርኩ። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። መኪና የማይወጣው ሰው ከመኪና አልወርድ አለ! ማክሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ በአህያው ፋንታ እኔን ይጠብቃል። መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ «ልጄ ናት፣ ትጭንሃለች፣ ግባ» እያለ ይሰበስብልኛል። ሙሳ ሽማግሌ የላከ ጊዜም፣ «ልጅቷን እሰጣለሁ፣ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ለኔ ናት» አላቸው። ከጋሽ ደምሴ ጋር ስለዚያ ነገር ዳግም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ግን ለአረፋ ቤታችን አይጠፋም፤ አባቴም ለገና ለውዝ በጆንያ ይልክለት ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ጋሽ ደምሴ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ እንደ ወንድም ተቀምጦ እንግዳ ተቀበለ።

እኔ አዋላጆችን፣ ክትባትን፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ስጭን ስንት ዓመት አለፈ። በኋላም ወደ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ካምፕ ስመላለስ ብዙ አቧራ ጠጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ግን ብዙውን ረስቼ አንዲት ከሰዓት አልረሳሁም።

አባቴ በታመመበት የመጨረሻ ሳምንት ከሆስፒታል ወደ ቤት እየወሰድኩት ነበር። ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለዋል። ሰፈር ልንደርስ ትንሽ ቀርቶናል፤ ቤተሰቡ ደጅ ወጥቶ እየጠበቀ ነው፣ ስልኬም ይጮሃል። መንገዱ ዳር አንዲት ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለች። አባቴ ጣቱን አንስቶ አሳየኝና፣ «ዘይኑ፣ እዚያች ጋ አቁሚልኝ» አለኝ። ሰው እየጠበቀን ነው አላልኩትም። ደርሰናል እኮ አላልኩትም። አቆምኩ። ደግፌ አወረድኩት፣ ጋቢውን አነጠፍኩለት፣ ግንዱን አስደገፍኩት፤ ራሴም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቅጠል ቅጠሉን ያይ ጀመር። እኔም አብሬው አየሁ። ስለ አያቴ አንዳችንም አላነሳንም። ጥላው ከኛ ላይ ዞሮ ፀሐይዋ እግሩን ስትነካው፣ «በቃኝ ልጄ፤ ጠገብኩ» አለኝ።

አሁን በሩን ይዤ የልጆቹ አቧራ ሲበታተን ሳይ፣ ሰዎች እንደሚያስቡት መንዳት ናፍቆኝ አይደለም የፈዘዝኩት። መንዳቱን ጠግቤዋለሁ። ከጎኔ ተቀምጦ «እዚያች ጋ አቁሚልኝ» የሚለኝ አባቴ ነው የናፈቀኝ።